ኤች ፓይሎሪ ተገኘብዎት? የአንጀት ብግነት ካለብዎት መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውስጥ ሆዱን አሞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ስሞች አንዱን ይዞ ይወጣል፤ አሜባ፣ ታይፎይድ ወይም የጨጓራ ባክቴሪያ። ከሦስቱ የመጨረሻው፣ ሐኪሞች ኤች ፓይሎሪ የሚሉት፣ ሰውን በቀላሉ ያሳምናል። ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፏል፣ መድኃኒት አለው፣ ጎረቤትም ዘመድም ታክሞለታል። የአንጀት ብግነት ለሌለበት ሰው አካሄዱ ቢሳሳት እንኳ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ገንዘብና የሁለት ሳምንት ምሬት ነው። ከአንጀት ብግነት ዓይነቶች ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ላለበት ሰው ግን ዋጋው ይከብዳል። የታችኛው አንጀት እየቆሰለ ወራት በጨጓራ መድኃኒት ያልፋሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት የተወሰደው አንቲባዮቲክ ራሱም ተቅማጡን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህ መመሪያ የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው። ኤች ፓይሎሪ በሀገራችን እጅግ የተለመደ በመሆኑ መገኘቱ ብቻውን ስለ ሕመምዎ ምክንያት የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ «አለብኝ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ቢኖርብኝስ ሕክምናዬ ላይ ምን ይለወጣል?» የሚለው ይቀድማል።

የመጀመሪያው ሥራ ሕመሙን በየቦታው መለየት ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚኖረው በጨጓራ ግድግዳ ላይ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያውን ከጨጓራ ብግነትና ከቁስለት ጋር እስኪያያይዙት ድረስ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ ውጤት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ባክቴሪያው ሕመም ሲያመጣ ምልክቱ ከእምብርት በላይ ይሆናል፤ ማቃጠል፣ ቶሎ መጥገብ፣ ግሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም። ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከእምብርት በታች የሚይዝ ቁርጠት፣ ወጥቶ የማይወጣለት ማማጥ፣ በፊንጢጣ አካባቢ መግልና ቁስል፣ ከሆድ ጋር አብሮ የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ግን የኤች ፓይሎሪ ሥራ አይደሉም። እነዚህ ምልክቶች እያሉብዎት «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ከተባሉ፣ ባክቴሪያው ቢኖርብዎትም እንኳ መልሱ ያልተሟላ መሆኑን በትሕትና ይናገሩ። በማስታወሻ ደብተር ላይ ለአንድ ሳምንት ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተቀመጡ፣ ደም እንዳለውና እንደሌለው፣ ሌሊት እንዳስነሳዎት መዝግበው ይሂዱ። አምስት ደቂቃ በምትቆይ ምርመራ ውስጥ ይህች ገጽ ከረጅም ንግግር የተሻለ ትሠራለች።

ሁለተኛው፣ የአንጀት ብግነት እንዳለብዎት በምን እንደተረጋገጠ ይወቁ። በሀገራችን ይህን ሕመም የሚመስሉ ሁለት የተለመዱ በሽታዎች አሉ፤ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ እና አሜባ የሚያመጣው የደንዳኔ ቁስለት። ክሮንስ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተጀመረለት ሰው በትክክል የነበረበት የአንጀት ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በሽታውን ያስፋፋዋል። ስለዚህ ምርመራው በኮሎኖስኮፒና ከአንጀት ተቆርጦ በተመረመረ ናሙና የተደገፈ መሆኑን ይጠይቁ፤ የናሙናውን ውጤት ወረቀትም ከእጅዎ አይለዩት። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በአጣጥ ወይም በቡታጅራ ሆስፒታል የሚታዩ ከሆነና ምርመራው እዚያ ካልተሠራ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሪፈር እንዲጻፍልዎት መጠየቅ ነውር የለበትም። ከወልቂጤ 150 ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው «ወረቀቴ ቤት ቀርቷል» ማለት ግን ሌላ ቀጠሮና ሌላ የመኪና ዋጋ ነው።

ሦስተኛው የምርመራው ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ላቦራቶሪው የሚሰጥዎትን ቁራጭ ወረቀት በደንብ ያንብቡ። «ኤች ፓይሎሪ» ከሚለው ጎን ኤቢ ተብሎ ከሆነ የተመረመረው ደም ነው፤ የተፈለገውም ሰውነትዎ በባክቴሪያው ላይ ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ኤጂ ከሆነ የተመረመረው ሰገራ ነው፤ የተፈለገውም የባክቴሪያው የራሱ ቁራጭ (አንቲጂን) ነው። በሁለቱም ሁለት ቀጫጭን መስመር የሚያወጣ ያው ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ስለሚጠቀሙ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል። ከሦስት ዓመት በፊት ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ በደም ቢመረመር «አልለቀቀኝም» ብሎ እንደገና አንቲባዮቲክ ሊጀምር ይችላል። እርስዎ የሚያስፈልግዎት አሁን መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ የሰገራ አንቲጂን፣ ባለበት ቦታ የትንፋሽ ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒ የሚሠራልዎት ከሆነ ደግሞ ከጨጓራ የሚወሰድ ናሙና። ውሃ የሆነ ሰገራ የአንቲጂን ምርመራውን ትክክለኛነት ስለሚቀንስ፣ አስቸኳይ ካልሆነ ተቅማጡ ጋብ እስኪል መጠበቅ ይሻላል።

ከምርመራው በፊት የሚቋረጥ መድኃኒት አለ፤ ፈጽሞ የማይቋረጥም አለ። ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ስለሆነ ቀስ ብለው ይዩት። ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ባክቴሪያው እያለ የሌለ ሊመስል ስለሚችል፣ ሐኪምዎ ከተስማማ ከሰገራው ምርመራ ሁለት ሳምንት በፊት ይቆማሉ። ማንኛውም አንቲባዮቲክ ከወሰዱ ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት፤ ባለፈው ወር ለአሜባ ተብሎ የዋጡት ሜትሮኒዳዞልም ይቆጠራል። ፕሬድኒሶሎን፣ አዛቲዮፕሪን፣ ሰልፋሳላዚን ወይም ሜሳላዚን ግን ለዚህ ምርመራ ሲባል አይቋረጡም። በተለይ ፕሬድኒሶሎንን ከሳምንታት በላይ ወስደው በድንገት ቢያቆሙ ሰውነትዎ የራሱን ሆርሞን ቶሎ ማምረት ስለማይችል ራስ መሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ይችላል። «ምርመራ አለብኝ፣ መድኃኒት አልዋጥኩም» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ፤ ባክቴሪያው በእርግጥ ተገኘ እንበል፣ ይታከም ወይስ ይተው? አንድ ወገን «አትንኩት» ይላል፤ መነሻውም ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና የአንጀት ብግነት ካለባቸው ሰዎች ከመቶ 27 ያህሉ ኤች ፓይሎሪ ሲገኝባቸው፣ ከሌለባቸው ደግሞ ከመቶ 41 ያህሉ ላይ መገኘቱን አሳይቷል። በኋላ የመጡ ትንተናዎችም አቅጣጫውን አልቀየሩትም። ቡታጅራ ራሷ ለዚህ የክርክር መስመር ማስረጃ ካዋጡ ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በከተማዋና በአካባቢዋ ከሺ የሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ልጆቻቸው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በሦስት ዓመታቸው ከአሥሩ አራት ያህሉ ባክቴሪያው ነበረባቸው፤ የነበረባቸው ልጆች ደግሞ የቆዳ አለርጂና ለአቧራ ተባይ የመቆጣት ምልክት አነስ ብሎ ታይቶባቸዋል። ባክቴሪያው የሰውነትን መከላከያ ያለዝባል፣ ስለዚህ አንጀትንም ሳይጠብቅ አይቀርም የሚለው መላምት የቆመው እንዲህ ባሉ ግኝቶች ላይ ነው።

ነገር ግን ግኝቶቹ የሚሉትንና የማይሉትን ልንለይ ይገባል። የቡታጅራው ጥናት ስለ አለርጂ እንጂ ስለ ክሮንስ አልጠየቀም። ትልቁ ትንተናም ሁለት ነገሮች አብረው የመገኘታቸው ዕድል ማነሱን እንጂ አንዱ ሌላውን መከልከሉን አላረጋገጠም። የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ምርመራው እስኪታወቅ ድረስ ብዙ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ ባክቴሪያው በዚያው ሊጠፋ ይችላል። በንጹሕ ውሃና በሰፊ ቤት ያደገ ልጅም ባክቴሪያውን የማግኘት ዕድሉ ያነሰ፣ የአንጀት ብግነት የመያዝ ዕድሉ ደግሞ የበዛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ያመጣው ኑሮው እንጂ አንዱ ሌላውን አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በልጅነት ከበሽታው ይጠብቃል የተባለ ነገር በሽታው ከገባ በኋላ ያድናል ማለት አይደለም። አንጀትዎ አስቀድሞ ከታመመ ባክቴሪያውን በማቆየት የሚያተርፉት ነገር መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ከመላምቱ የምወስደው ጥንቃቄን ብቻ ነው፤ ባክቴሪያውን ያለ ምክንያት እየዞሩ አለማደን።

ሌላው ወገን ተቃራኒውን ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ኤች ፓይሎሪን እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኪዮቶ የባለሙያዎች ስምምነትም የተያዘ ሁሉ ይታከም ይላል፣ ታዲያ ምን ይጠበቃል? ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ በጅምላም አልቃወመውም። ሆኖም የጨጓራ ካንሰር በባክቴሪያው ከተያዙት በጥቂቶች ላይ፣ ያውም በአሥርት ዓመታት ውስጥ የሚመጣ አደጋ ሲሆን፣ የተቀሰቀሰ የአንጀት ብግነት ግን የዚህ ሳምንት አደጋ ነው። ክርክሩን «መታከም ወይስ አለመታከም» ከማለት «መቼና በምን ምክንያት» ማለት ይሻላል። በኢንዶስኮፒ የጨጓራ ወይም የቀጭን አንጀት መጀመሪያ ቁስለት ከታየብዎት፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት በጨጓራ ካንሰር ከታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የብረት እጥረት የደም ማነስ ካለብዎት፣ ወይም ከእምብርት በላይ ያለው ሕመም ካልተወዎት ሕክምናው ተገቢ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና የታችኛው አንጀትዎ አሁን እየደማ ከሆነ ግን ባክቴሪያው መጠበቅ ይችላል፤ ለዓመታት አብሮዎት የኖረ ነውና ለሁለት ወር አይቸኩልም። መጀመሪያ ብግነቱ ይርገብ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ክሮንስ ራሱ ጨጓራን ሊይዝ ስለሚችል ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ የላይኛው ሕመም ከቀጠለ ኢንዶስኮፒ ይጠይቁ እንጂ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ አይጠይቁ።

ለመታከም ከተወሰነ አንዴና በሙሉ ልብ ይታከሙ። በሀገራችን በብዛት የሚታዘዘው አሲድ ቀናሽ ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሌላው ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚጨመሩበት ባለ አራት መድኃኒት ሕክምና ነው። ዛሬ የሚመከረው ቆይታ በአብዛኛው 14 ቀን ነው፤ በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ስለጠፋ ማቆም ከባክቴሪያው ጠንካራውን መርጦ እንደማስቀረት ነው። ሜትሮኒዳዞል በየክሊኒኩና በየመድኃኒት ቤቱ ለተቅማጥ ሁሉ ስለሚሰጥ ባክቴሪያው ብዙ ቦታ ተላምዶታል፤ ባለፉት ዓመታት ደጋግመው የወሰዱትን አንቲባዮቲክ ስም ለሐኪሙ መንገር የመድኃኒቱን ምርጫ ይለውጣል። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎት አሞክሳሲሊን አይሆንም። ክላሪትሮማይሲን የፕሬድኒሶሎንንና በተለይ የቡዴሶናይድን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ ከሳይክሎስፖሪን ጋር ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው አሞክሳሲሊንና ኦሜፕራዞል የመድኃኒቱን ከሰውነት መውጣት እንደሚያዘገዩ ሐኪሙን ያስታውስ። ስለዚህ የጨጓራውን መድኃኒት የሚያዝልዎት ሰው የአንጀትዎን መድኃኒቶች በስም ማየት አለበት። ማሸጊያዎቹን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ይዘርግፏቸው።

ጊዜውንም ይምረጡ። በረመዳን በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን በኢፍጣርና በሱሁር ማስተካከል ይቻላል፤ በቀን አራት ጊዜ የሚወሰደው ግን ከጾም ጋር አይሄድም። በጉራጌ ለመስቀልም ለአረፋም ዘመድ ሁሉ ከያለበት አገሩ ይገባል፤ ክትፎው ይቀርባል፣ ብርሌው ይዞራል፣ «አልበላም» ማለትም ቀላል አይደለም። ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱና ከጨረሱ በኋላም ለሦስት ቀን ያህል ጠላም ጠጅም አረቄም እንዳይቀምሱ ነው የሚመከረው። ቴትራሳይክሊን ከወተት፣ ከአይብና ከብረት ክኒን ጋር ከተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆችም አይሰጥም። ስለዚህ የ14 ቀኑን ሕክምና ከበዓሉ በፊት ጨርሰው ወይም ከበዓሉ በኋላ ጀምረው ቢወስዱት ይቀላል። ክትፎን በተመለከተ፣ ጥሬ ሥጋ ኤች ፓይሎሪን አምጥቷል የሚባልበት ማስረጃ የለም። ኮሶን ግን ያመጣል፤ አዛቲዮፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ደግሞ መከላከያው ስለሚዳከም በሰሉን ቢመርጥ ይሻለዋል።

መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ አፍ መምረር፣ ቀለል ያለ ማቅለሽለሽና የሰገራ መለዝለዝ የሚጠበቁ ናቸው። ቢስመዝ ሰገራን ያጠቁራል፤ የብረት ክኒንም እንዲሁ። ይህ አያስደንግጥዎት። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ ሽታው የከፋ ጥቁር ሰገራ ከማዞር ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር ከመጣ ግን መድማት ነውና በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። በጣም መጠርጠር ያለበት ሌላ ነገር አለ። አንቲባዮቲክ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ይነሳል፤ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ለዚህ ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ወይም ከጨረሱ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ወራት ተቅማጡ ከወትሮው ከባሰ፣ ትኩሳትና የሆድ መነፋት ከተጨመረ፣ «አገረሸብኝ» ብለው ፕሬድኒሶሎን በራስዎ አይጨምሩ፤ «አሜባ ነው» ብለው ከመድኃኒት ቤትም አይግዙ። አንቲባዮቲክ መውሰድዎን ቀድመው በመናገር ሐኪም ጋ ይሂዱ። ለራስ ምታትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መውሰድም ይቅርብዎት፤ ከላይ ጨጓራን ከታች አንጀትን ያቆስላሉ፣ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆኑ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ፓራሲታሞል ይበቃል።

«ይህ ሁሉ ለምን? ፌጦና ተልባ አለ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ተልባ ማቃጠሉን ሊያለዝብ ይችላል፤ ማርና ነጭ ሽንኩርትም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያውን ሲያዳክሙ ታይተዋል። ሳህን ላይ ያለና በጨጓራ ንፍጥ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ግን አንድ አይደሉም፤ በእነዚህ ብቻ ከሰው ጨጓራ ጠፍቶ የተረጋገጠበት አስተማማኝ ማስረጃ የለም። በባዶ ሆድ የሚዋጥ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የቆሰለ አንጀትን የሚያቃጥለውም አለ። በርበሬም ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። የማረቆ በርበሬ የሚሸጥበት ገበያ ዳር ለሚኖር ሰው «በርበሬ ባክቴሪያ ያመጣል» ማለት ትክክል አይደለም፤ ባክቴሪያውን አያመጣም። በርበሬ ሲበሉ ሕመሙ የሚብስብዎት ከሆነ ይቀንሱ፣ ካልባሰ ይተዉት። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ቃጫው የበዛ ጎመን የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ለእርስዎ ምን እንደሚስማማ የሚነግርዎት ያቺው ደብተር ናት።

ሕክምናው ያለቀው ክኒኑ ሲያልቅ አይደለም። መጥፋቱ የሚረጋገጠው ከመጨረሻው ክኒን ቢያንስ አራት ሳምንት በኋላ፣ አሲድ ቀናሹን ደግሞ ለሁለት ሳምንት አቁመው፣ በሰገራ አንቲጂን ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው። «ሕመሙ ከጠፋ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» የሚለው ቅሬታ ይገባኛል። ነገር ግን እርስዎ የሆድ ሕመም መልሶ መላልሶ የሚመጣብዎት ሰው ነዎት። ይህን አንድ ምርመራ ከዘለሉ በሚቀጥለው ዓመት ሕመሙ ሲመለስ «ያ ባክቴሪያ ነው» ተብሎ ሌላ ዙር ይታዘዛል፤ የጠፋ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ካለ ግን ሐኪሙ በቀጥታ ወደ አንጀትዎ ይመለከታል። ምርመራው አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ያው መድኃኒት አይደገም፤ ክላሪትሮማይሲን የነበረበት ካልሠራ ያለ እርሱ የተቀናጀ ይመረጣል። ሌቮፍሎክሳሲን የሚታዘዝልዎት ከሆነ የቲቢ ጥርጣሬ ተነስቶ እንደሆነና እንዳልሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ ይህ መድኃኒት ቲቢን ለጊዜው አዳክሞ ምርመራውን ሊያዘገየው ስለሚችል ነው።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ ባክቴሪያው በብዛት የሚተላለፈው በልጅነት፣ በቤት ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ደህና የሆኑ ልጆችን ሰብስቦ ማስመርመርና አንቲባዮቲክ መስጠት አይመከርም። እጅን ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ የሚጠጣውን ውሃ አፍልቶ ወይም በውሃ አጋር አክሞ መጠጣት፣ ለሕፃን ምግብ በአፍ አላምጦ አለመስጠት ይበቃል። በቤቱ ውስጥ ክብደቱ ያለ ምክንያት የሚቀንስ፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም ጥቁር ሰገራ ያለው ሰው ካለ ግን በሰገራ ምርመራ ጊዜ ሳያጠፋ ለኢንዶስኮፒ ይላክ።